የአባባ መዳፍና የደሴው ብዕር

ያንን የደሴ ባለሱቅ ባስታወስኩት ቁጥር ዛሬም ደሜ ይፈላል።

አባባ መካነ ሰላም ላይ ቁርኣን ሲያስቀሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ዓይናቸው እየደከመ ሲመጣ ጂዳ ያለችው እህቴ ታብሌት ላከችላቸው፤ ፊደሉን የፈለጉትን ያህል ያጎላል። ያስተማሯቸው ሸህ በእጃቸው የጻፉት አንድ ኪታብ ነበር፤ ሌላ ቅጂ የለውም፣ ወረቀቱንም ብል ይዞታል። ዓይኔ ሳይጠፋ ታብሌቱ ላይ ልገልብጠው ብለው ማሻ በሚባል አገር ካሉት ከሸሁ ልጅ ተውሰው አመጡት። የቀረው በታብሌቱ መስታወት ላይ የሚጻፍበት ብዕር ብቻ ነበር።

ብዕሩን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ደሴ ሄጄ፣ ባንኮኒው ፊት ቆሜ፣ ስሜን ሞነጫጨርኩና የሚያብለጨልጨውን ገዛሁ። ቆሞ የሚጽፍ ሰው እጁን አያሳርፍም፤ መምህርት ተብዬዋ ይሄ እንኳ አልታየኝም። የአባባ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ መዳፋቸው ካላረፈ ፊደሉ አይቆምም። መዳፋቸው መስታወቱን በነካ ቁጥር ደግሞ መስመር እየተግተለተለ ገጹን ያበላሸዋል።

አንድም ቀን አልነገሩኝም። ምን ያደርጉ ነበር መሰላችሁ? ተነስተው ውዱእ ያደርጋሉ። ተመልሰው ይጽፋሉ፤ ይበላሻል፤ እንደገና ይታጠባሉ። የሰማሁት ኪታቡን ለባለቤቱ ከመለሱት በኋላ ነው።

“እጄ አልጠራም ልጄ፤ ኪታቡ እምቢ አለኝ” አሉኝ።

ጥፋቱ የብዕሩ ነው ብዬ ብለምን አላመኑኝም። ውጭ ወጥቼ በንዴት አለቀስኩ።

የአንድ ለአምስት ስብሰባውን ጥዬ፣ ታብሌቱን አንጠልጥዬ ደሴ ገባሁ። ባለሱቁ ፈገግ ብሎ፣ ሽማግሌው እጃቸውን ከፍ አድርገው ይጻፉ አለኝ። ዕድሜ ልኩን የጻፈ እጅ ለሱ ብዕር ሲባል ይንጠልጠል! ያለውን ብዕር ሁሉ አስደረደርኩት። በርጩማ አስመጥቼ ተቀመጥኩ፣ መዳፌን አስተኝቼ አንድ በአንድ ሞከርኩ። ሰው ቢስቅም ግድ አልነበረኝም። በመጨረሻው፣ ለዚያው ታብሌት ተብሎ በተሠራው ስጽፍ፣ ታብሌቱ የብዕሩን ጫፍ ብቻ አወቀ፤ መዳፌን ከነመኖሩም አልቆጠረውም። እሱን ገዛሁ።

ከዚያ በጭነት መኪና ተንገላትቼ ማሻ ደረስኩ። የሸሁ ልጅ፣ እሳቸውም ትልቅ ሰው ናቸው፣ በክብር ተቀበሉኝ፤ ኪታቡን ግን ከለከሉኝ። አባትሽ ራሳቸው እጄ አልጠራም ብለው የመለሱትን እንዴት አድርጌ እሰጥሻለሁ አሉ። ንዴቴን ዋጥኩት። ታብሌቱን ፊታቸው አኖርኩና የመጀመሪያውን ብዕር ሰጠኋቸው፤ እጃቸውን አሳርፈው ቢስሚላህ ብለው እንዲጽፉ ለመንኳቸው። ጻፉ። መስመሩ ከመዳፋቸው ሥር ተግተለተለ።

“የእርስዎስ እጅ?” አልኳቸው።

መዳፋቸውን አገላብጠው አዩት። ከዚያ ተነሱና ኪታቡን በጨርቅ እንደተጠቀለለ አምጥተው አስታቀፉኝ።

“አባትሽን አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ በይልኝ” አሉ።