ዓሣው የለበሰው ጋቢ

ጋቢውን ከሳጥን ባወጣሁት ቁጥር መጀመሪያ ጥጉን አሸተዋለሁ። ልጄ ሲያየኝ "ማሚ፣ ዋት አር ዩ ዱዊንግ?" ይለኛል። ዓሣ እየፈለግሁ ነው ብለው አያምነኝም።

ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ከእናቴ ጋር አሜሪካ፣ ሪችፊልድ ከተማ፣ አፓርታማ ውስጥ ስንኖር ፊት ለፊታችን ያሉት ባልና ሚስት ክርስቲያኖች ነበሩ፤ እኛ ሙስሊሞች። ሴትየዋና እናቴ ሁለቱም የደሴ ልጆች ስለሆኑ እንደ እህትማማች ነበሩ። ሽሮና ምስር ከአንድ ትሪ እንበላለን። ድግስ ሲመጣ ግን የእነሱ ሥጋ ለእነሱ፣ የእኛም ለእኛ፤ ሁለት ድስት፣ ሁለት ትሪ። በዚያ ዓመት በፈረንጆቹ በጋ ባልየው ሌላ ስቴት ሥራ አገኘና ሊሄዱ ሆነ።

"ወላሂ፣ በሽሮ አልሸኛትም" አለች እናቴ።

ዓሣ ባርኮ የሚያርደው አያስፈልገውም፤ ሁላችንም እንበላዋለን። ችግሩ ጎረቤታችን ፍልሰታን ይዛ ነበር፤ ዓሣ በጾም ይበላል ከሚሉትም አልነበረችም። ስለዚህ የምናጠምደው ዓሣ ጾሙ እስኪፈታ በረዶ ሆኖ መቆየት ነበረበት።

ባልየው አልጋም ምድጃም ፍሪጅም ያለውን ትልቅ መኪና፣ አር ቪ የሚሉትን፣ ከሥራ ባልደረባው ተዋሰና አራታችንም ወደ ሰሜን ወጣን። ሦስት ቀን ሐይቅ ዳር ሰነበትን። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከውሃው ላይ ሲነሳ የጥዱ ሽታ እስከ መኪናው ድረስ ይገባል። ጎረቤታችን ራሷ የማትቀምሰውን ዓሣ ከሁላችንም አብልጣ አጠመደች። እናቴም "አብረን ካልሆነ" ብላ አንዲት ቁራሽ አልነካችም፤ እኔንም ከለከለችኝ። በጣም ነበር የተናደድኩት። የካምፑ ባለቤት በትልቁ ፍሪዘሩ ድንጋይ እስኪሆን አቀዘቀዘልንና፣ ስንመለስ የመኪናውን ፍሪዘር ጢም አድርገን ሞላነው።

መንገድ ላይ ባልየው ነዳጅ ሲቀዳ፣ እሳት እንዳይነሳ እንደተነገረው ፍሪጁ የሚሠራበትን ጋዝ ዘጋ። መልሶ መክፈቱን ግን ረሳው። ቀኑ ያፍናል። ውሃ ልጠጣ ስነሳ ወለሉ ላይ ጠብ ጠብ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ፍሪዘሩን ስከፍተው የላይኞቹ ዓሣዎች መርጠብ ጀምረዋል።

"ጋሼ፣ አቁም" አልኩ።

መንገድ ዳር ካለች ሱቅ የቀሩትን ሁለት ከረጢት በረዶ ገዛን። ጋዙ ቢለኮስም ፍሪጁ መልሶ እስኪቀዘቅዝ ሰዓታት ይወስዳል፤ ለቤታችን ደግሞ ገና ሦስት ሰዓት ይቀረናል። እኔ፣ ዓሣውን ከበረዶው ጋር ካርቶን ውስጥ ከተን በጎረቤታችን ጋቢ እንጠቅልለው አልኩ።

"ጋቢ እኮ የሚያሞቅ ነገር ነው፤ ልትቀቅዪው ነው?" አለ ባልየው።

"አያሞቅም። ያለውን ነው የሚጠብቀው፤ ሙቀትም ከሆነ ሙቀቱን፣ ብርድም ከሆነ ብርዱን። ፊዚክስ ክላስ ተምረነዋል።"

እናቴ እንኳ አላመነችኝም። "የእናቷ ፈትል እኮ ነው" አለች በሹክሹክታ። ጋቢው ለጎረቤታችን ከእናቷ እጅ የቀራት ብቸኛው ነገር ነበር።

 ጎረቤታችን ጋቢውን ከጭኗ ላይ አንስታ ሰጠችኝና ወደ ባሏ ዞረች።

"ታዲያ ትምህርት ቤት የላክናት ለምንድን ነው?"

የላክናት ማለቷን እስከ ዛሬ እወደዋለሁ። የወለደችኝ እሷ አልነበረችም።

ሦስት ሰዓት ሙሉ ካርቶኑ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ባልየው በመስታወት እያየኝ "ፈላ?" ይላል። እኔ ፈርቻለሁ፤ ብሳሳት ድግሱም ጋቢውም በእኔ ጦስ መቅረታቸው ነው። ሪችፊልድ ደርሰን ስንፈታው ሁለት ዓሣ አነሳሁና አጋጨኋቸው። ኳ አሉ። ባልየው ተቀብሎኝ ራሱም አጋጫቸው።

"ይቅርታ ዶክተር" አለኝ።

ጾሙ የተፈታ ዕለት በአንድ ትሪ ዙሪያ ተቀመጥን። የመጀመሪያውን ጉርሻ እናቴ ጠቀለለች። ጎረቤታችን ስትጎርስ ዓይኗ እንባ ሞላ።

"በርበሬው ነው" አለች። 

ሲሄዱ ጋቢውን ለእኔ ተወችልኝ። ሎሚም ኮምጣጤም ሽታውን አላስለቀቀውም ነበር። "ይህን ለብሼማ ቤተ ክርስቲያን አልገባም" ብላ እየሳቀች ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችው።

እናቴ ካረፈች ቆየች። ጎረቤታችን ግን ፍልሰታ በተፈታ ቁጥር ትደውልልኛለች።

"አሁንም ይሸታል?"

"ይሸታል፣ እትዬ" እላታለሁ።

ሽታው ከለቀቀ ስንት ዓመቱ።