ቸኮል ያመጣው ወረቀት

ከፍኖተ ሰላም የወጣሁ ለት አባቴ እስከ መናኸሪያ ሸኙኝ። ገና ጎሕ አልቀደደም። አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል በመስኮቱ ቀና ብለው «ሂጂ ልጄ፤ ብቻ እንዴት እንደነቀሉን እንዳትረሺ» አሉኝ። ሌላው አባት ለልጁ ዳቦ ቆሎና ምርቃት ይሰጣል፤ እኔ ቂም ተሰጠኝ። ዳቦ ቆሎማ ቢሆን ደምበጫ ሳንደርስ ባለቀ ነበር።

ነገሩን ለማታውቁ ባጭሩ ላውጋችሁ። ደርግ ከወደቀ በኋላ በመጣው የመሬት ድልድል ጊዜ አባቴን «ቢሮክራት»፣ የድሮ ሥርዓት ሹም፣ አሏቸው። በደርግ ዘመን ለጥቂት ወራት የገበሬ ማኅበር ጸሐፊ ነበሩ፤ ጥፋታቸው ይኸው ነው። ላህ ወንዝ ዳር የነበረውን፣ በመስኖ ሽንኩርትና ድንች የምናለማበትን መሬት ተነጠቁ። ማን ወሰደው? ስማቸውን ዝርዝሩ ላይ ያሰፈረው የቀበሌያችን ሊቀመንበር፣ ደስታው ራሱ! አባቴ ከተማ ገብተው የሰው ቤት ተከራዩ፤ ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ አላለፉም።

ኦስሎ ደርሼ ይህንኑ ለስደተኞች ቢሮ ስናገር፣ ጠያቂዋ «መሬቱ ምን ያህል ነበር?» አለችኝ።

«ስምንት ጥማድ።»

አስተርጓሚው የከተማ ልጅ ነበርና ግራ ገባው። «አንድ ጥማድ ማለት ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው ነው» ብዬ አስረዳሁ። ሴትዮዋ ብዕሯን አነሳች።

«በሬዎቹ በቀን ስንት ሰዓት ይሠራሉ? እረፍት አላቸው?»

ለበሬ እንዲህ ያዘነች ሴት እኔን አራት ዓመት አስጠበቀችኝ።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለቱን ልጆቼን ባሕሩ ዳር ወዳለው መናፈሻ እወስዳለሁ። እዚህ ፀሐይ ብቅ ካለች ሰዉ ልብሱን አውልቆ ሣር ላይ ይዘረጋል፤ የኛ ሰው ቢሆን ጥላ ፍለጋ ይሮጥ ነበር። ልጆቼ እግራቸውን ውሃው ውስጥ ነክረው «ማትፓከ» የሚባለውን የምሳ ቋጠሮ፣ ደረቅ ዳቦ በአይብ፣ ይበላሉ። ይህ ሁሉ ውሃ ለዓይን ብቻ! አባቴ ቢያዩት፣ ጨው ነው ቢሏቸው እንኳ፣ አንድ ቦይ ሳይጠልፉ አያድሩም።

ቸኮል የመጣው እዚያ ነው፤ የደስታው ልጅ። አባቱ ከሥልጣን ወርዷል፤ ቸኮልም እንደኛው ተሰዷል። ስልኬን ካገር ሰው ተቀብሎ ሲጨቀጭቀኝ ስለሰነበተ፣ እስቲ ፊቱን ልየው ብዬ ቀጠርኩት። ትንሽ ሴት ልጁን አስከትሏል። ልጅቷ ወዲያው ከኔዎቹ ጋር ውሃ መራጨት ያዘች።

«እህት ዓለም፣ ቢሮው ያገሬ ሰው ብሎ የሚያምንልኝ አንቺን ብቻ ነው፤ ጽፈሽ መስክሪልኝ» ብሎ ወረቀት ዘረጋልኝ። ለቢሮው የሰጠው ቃል ነው። «አባቴ ቢሮክራት ተብለው ላህ ወንዝ ዳር የነበረውን መሬት ተነጠቁ፤ ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ አላለፉም…» ይላል። ጥማዱን እንኳ ወደ ሄክታር አሳምሮ ቀይሮታል። መሬቱ አልበቃቸውም!

«ይሄ የማን አባት ነው?»

«ምን ላድርግ፣ ቸግሮኝ ነው። ካልመሰከርሽልኝ ይመልሱኛል። ልጄን እያት እስቲ።»

«አባቴ ይወቁት» አልኩና ደወልኩ። ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን መዳፉ ላይ አኖርኩት።

«ጤና ይስጥልኝ አባባ፣ እንዴት ሰነበቱ?» አለ ቸኮል።

«እግዜር ይመስገን። የማን ልጅ ነህ?»

ቸኮል ስልኩን ሊመልስልኝ ዘረጋ። «ንገራቸው እንጂ!» ብዬ ጮኽኩ፤ ሣሩ ላይ የተጋደመው ሁሉ ዞሮ አየን።

«የ… የደስታው ልጅ ነኝ።»

አባቴ «አባትህ ደኅና ነው?» አሉ።

«ደኅና ናቸው።»

«ያ መሬት… ዘንድሮ ምን ዘራችሁበት?»

«ባሕር ዛፍ ነው አባባ። ሙሉውን ባሕር ዛፍ ተከልንበት።»

«እውሃው ዳር?» አሉ። ስልኩን ዘጉት። ባሕር ዛፍ የገባበት አፈር ሽንኩርት እንደማያበቅል ገበሬ ሁሉ ያውቃል።

«ታዲያ ፈቀዱ?» አለኝ ቸኮል። ወይ ድፍረት!

«እጽፍልሃለሁ» አልኩት። እጄን ሊስም ምንም አልቀረው።

ልጅቷ ምን አጠፋች? የልጄን ዳቦ ተካፍላ ስትበላ አይቻታለሁ፤ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ግን ጻፍኩ፤ ለቢሮውም ላክሁ። ቃሉን አንድ በአንድ ገለበጥኩት፤ ስሞቹን ብቻ ወደየባለቤታቸው መለስኩ፤ የተነጠቁት አባቴ፣ የነጠቀው ደስታው።