የሰቀልኩት ዋጋ፣ ያጠፍኩት ወረቀት

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ሚስቴ አታውቀውም። የንስሐ አባቴ ፍልሰታ ሲገባ ቤት መጥተው ሲያናዝዙኝ ስድቡን፣ ሐሜቱን፣ የጠጣሁትን ቢራ ሳይቀር እዘረዝርላቸውና እዚች ጋ ስደርስ ምላሴ ይታሰራል። ሁለት ፍልሰታ እንዲህ አለፈ። ሆድ ይፍጀው አልኩ፤ እሱ ግን እኔኑ እየፈጀኝ ነው። አሁን ለእርስዎ፣ ለማያውቁኝ አንባቢ፣ ልናገረው ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉኝ ይሆናል። ልክ ነዎት።

ሥራዬ ንግድ ነው። ከሐረር ኤረር በር ወጣ ብሎ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም ሱቅ አለኝ፤ ቻርጀር፣ የስልክ ሽፋን፣ ፍላሽ፣ ሄድፎን እሸጣለሁ። አባቴ ከጎጃም ተመድበው የመጡ ወታደር ነበሩ፤ እኔ ግን አቦከር ሰፈር ተወልጄ ያደግኩ የሐረር ልጅ ነኝ። ኦሮምኛውንም አደርኛውንም እየቀላቀልኩ እነግዳለሁ። ሰው ያምነኛል። ይቺን ልብ ይበሉልኝ፣ ሰው ያምነኛል።

የዚያን ሰሞን ስለ አንድ አዲስ ሄድፎን ወሬ ገባ። ገና ሊወጣ ነው አሉ። ጆሮ ላይ ሲደፉት የባጃጁን ጩኸት፣ የገበያውን ሁካታ ጭጭ ያሰኛል፤ የዘፋኙን ትንፋሽ ሳይቀር ያሰማል። ልጆቹ ቪዲዮውን በቴሌግራም እየተቀባበሉ አበዱ። ከሰዓት በርጫ ላይ ጫታቸውን ይዘው ሲቀመጡ ሌላ ጨዋታ ጠፋ። እኔም ሥዕሉን በትልቁ አሳትሜ መስታወቱ ላይ ለጠፍኩት፤ ከሥሩ "በቅርብ ቀን፣ ሃምሳ ሺህ ብር" ብዬ ጻፍኩ። የሚፈልግ ስሙን እንዲያስመዘግብ አደረግኩ። ተመዘገቡ።

እውነቱ ምን ነበር? ዕቃው ውጭ አገር መሸጥ በጀመረ በአሥረኛው ቀን በጅጅጋ በኩል ሁለት ፍሬ እጄ ገብቷል። ሁለቱንም መሳቢያ ውስጥ፣ ስቀመጥ ጉልበቴ ከሚነካው ቦታ ከተትኳቸው። ለሚጠይቀኝ ሁሉ "መንገድ ላይ ነው" አልኩ። ሰው ሲጠብቅ ፍላጎቱ ይጨምራል፤ ይህን ማንም ነጋዴ ያውቃል። ቅዳሜ ቅዳሜ በአሮጌው ዋጋ ላይ አዲስ ዋጋ እለጥፋለሁ። ሃምሳ አምስት። ስድሳ። ዶላር ጨመረ እላለሁ፤ ኬላ ጠበቀ እላለሁ። የሚጨምረው ግን እኔ ነበርኩ፣ በዚህ እጄ፣ በሙጫና በወረቀት።

እስከዚህ ድረስ ያለውን ቢሰሙ የንስሐ አባቴም "የነጋዴ ነገር" ብለው ጥቂት ስግደት ሰጥተው ያልፉኝ ነበር።

ኦቦ ጀማል ከሶፊ ገጠር የሚመጡ ገበሬ ናቸው። ጫት ያበቅላሉ። የእጅ ባትሪም ሬዲዮም ከእኔ ነው የሚገዙት። ሃምሳ አምስቱን ሺህ በለጠፍኩበት ቅዳሜ ጠዋት ልጃቸውን ዘይቱናን ይዘው ገቡ። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ ጆሮዋን ያማት እንደነበር አውቃለሁ፤ ሲያናግሯት ጠጋ ብላ አፍ አፍ ታያለች። የዚያን ቀን በሁለቱም ጆሮዋ ጥጥ ነበረ።

"ልጄ፣ እስቲ ይቺን ወረቀት አንብብልኝ" አሉኝ። "የጤና ጣቢያው ሰው ሆስፒታል ውሰዳት ብሎ ሰጠኝ። እንግሊዝኛ ነው መሰለኝ። እንዳልሳሳት ብዬ ነው።"

እንግሊዝኛ ነበር። እኔ የዕቃ መመሪያ ሳነብ የምውል ሰው ነኝ፤ የሐኪም ጽሑፍ ቢሆንም አላቃተኝም። ጆሮዋ ውስጥ የቆየ ቁስል አለ፣ ወደ አጥንቱ ሳይሄድ አልቀረም ይላል። ዛሬውኑ ትታይ ይላል። "አስቸኳይ" የሚለው ቃል ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። አነበብኩት። ደገምኩት። አንብቤዋለሁ፣ አላየሁትም ማለት አልችልም።

ያን ጊዜ ነው ያ ነገር የሆነው። ዘይቱና ጥጡን አውጥታ ዕቃ የምፈትሽበትን አሮጌ ሄድፎን ከመደርደሪያው አንስታ ጆሮዋ ላይ ደፋችው። ድምፁ እስከ መጨረሻው ተለቋል፤ መንዙማ ነበር። ልጅቷ ቀጥ ብላ ቆመች። ከዚያ ሳቀች። "አባ፣ ይሰማኛል" አለች፣ ጮክ ብላ፣ መንገድ ላይ ያለው ሰው ሁሉ እስኪዞር።

ኦቦ ጀማል "ያ አላህ" ብለው አፋቸውን በሽርጣቸው ጫፍ ያዙ። ከዚያ ጣታቸውን ወደ መስታወቱ፣ ወደ ሥዕሉ ቀሰሩ። "ይሄ አሮጌው ነው። ያኛውስ?"

ምን ማለት ነበረብኝ? ጆሮ የከበደው ሰውም ድምፅ ሲጮህ ይሰማዋል፤ ይህ ፈውስ አይደለም፣ አሁኑኑ ሆስፒታል ይሂዱ ማለት ነበረብኝ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የተመዘገቡት ልጆች ዋጋው ሲወጣ እንዳይቀዘቅዙ ፈርቻለሁ፤ አንድ ሰው በሰቀልኩት ዋጋ ቢገዛልኝ ሌላው ይከተላል፤ እኔ የማስበው ይህን ነበር። ወረቀቱ እጄ ላይ ሆኖ ይህን ነበር የማስበው።

"ይሄ ካሰማት አዲሱ ምን ሊያደርግላት ነው ኦቦ ጀማል?" አልኩ።

"ወረቀቱስ ምን ይላል?"

"ትመርመር ነው የሚለው። እሱ ይደርሳል።"

አጥፌ ሰጠኋቸው። በአራት አጠፍኩት፣ ጠርዙን በጥፍሬ ተጭኜ። ሸሚዝ ኪሳቸው ከተቱት። ዘይቱና ሄድፎኑን ደፍታ ቆማ ዓይኔን ታየኝ ነበር። ሳነብም ታየኝ ነበር። ልጅቷ የሰው ፊት አንብባ ያደገች ናት፤ ያን ቀን ከፊቴ ላይ ምን እንዳነበበች እስከ ዛሬ አላውቅም።

ኦቦ ጀማል ሞኝ አልነበሩም። ለሆስፒታሉ ያዘጋጁት ብር ኪሳቸው ውስጥ ነው፤ ለሄድፎኑ ግን አይበቃም። በር ላይ ቆመው አሰቡ፤ ሐሳባቸውን ደግሞ ነገሩኝ። "ሆስፒታል ካርዱ ርካሽ ነው። ሁልጊዜም ርካሽ ነው። ይሄ ግን ይኸው ከሃምሳ ወደ ሃምሳ አምስት ወጣ። ልጄ፣ ጫት ላይ ዋጋ አይዋሽም። ጠዋት የተቆረጠው ውድ ነው፤ ወደ ማታ የጠወለገውን ማንም ያነሳዋል። የረከሰ ነገር የጠወለገ ነው።" ዕድሜያቸውን ሙሉ ዋጋ አልዋሻቸውም። ዋጋ የሚዋሽበት ሱቅ የገቡት ያን ቀን ነው፤ ሱቁም የእኔ ነበር።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ጫታቸውን ሸጠው ብቅ ይላሉ፤ ልጅቷም ትከተላቸዋለች። እኔ ዋጋውን በጨመርኩ ቁጥር እሳቸው ይበልጥ ያምናሉ። "አየሽ፣ ቢያድን ነው እንጂ እንዲህ አይወደድም" ይሏታል፣ እንድትሰማ ጎንበስ ብለው። በሁለተኛው ቅዳሜ ጥጡ ቢጫ ሆኗል፤ ሱቋ ስለምትጠብ ሽታው ገባኝ። ምን አደረግኩ? ማራገቢያውን ከፈትኩ። በአራተኛው ቅዳሜ ልጅቷ ግድግዳ ይዛ ነው የገባችው። "ራሷን ያዞራታል" አሉኝ። "ሙቀቱ ነው" አልኩ። ማን ጠየቀኝ? ሐኪም ነኝ? ከአፌ ወጣ፤ እሳቸውም ሙቀቱ ነው ብለው ተጽናኑ።

የወረቀቱ ጫፍ ሁልጊዜ ከሸሚዝ ኪሳቸው ብቅ ብሎ ይታየኛል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እኔ ግን ያንን ጫፍ ባየሁ ቁጥር ሌላ ቦታ አያለሁ፤ መደርደሪያ እወለውላለሁ፣ ስልኬን እነካካለሁ። ሆዴ ያውቅ ነበር። ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ ብዬ አልዋሽዎትም። ደህና እተኛ ነበር። ዛሬ የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

በስድስተኛው ቅዳሜ የምትታለበዋን ላማቸውን ሸጠው መጡ። ዋጋው ሰባ ስምንት ሺህ ደርሷል። "ገባ?" አሉኝ። "ዛሬ ጠዋት ገባ" አልኩና ጎንበስ ብዬ ከጉልበቴ ሥር አወጣሁት። ስድስት ሳምንት እዚያው ነበር። እኔና እሳቸው በየቅዳሜው ስንነጋገር እዚያው ነበር።

መንዙማውን ከፈትኩ። መጀመሪያ ራሴ ጆሮ ላይ አድርጌ ሰማሁት፤ ድቤው ደረቴ ውስጥ የሚመታ ይመስላል። ከዚያ ለዘይቱና ሰጠኋት። ደፋችው። ጠበቅን። አባቷ ትንፋሻቸውን ይዘው ፊቷን ያያሉ። ልጅቷ ድምፁን ጨመረች። እንደገና ጨመረች። እስከ መጨረሻው አደረሰችው፤ እኔ ከመደርደሪያው ወዲህ ሆኜ መንዙማው ይሰማኛል። ቀስ ብላ አወለቀችውና "ምንም የለም" አለች። ድምፅዋ ተለውጧል፤ ቃሉን የምትጎትተው ይመስል ነበር።

ያኔም ገና መመለሻ መንገድ ነበረኝ። ብሩ ገና መደርደሪያው ላይ ነው። አውቄያለሁ፣ ምን እንደሆነ አውቄያለሁ። ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነብኝ። "ቻርጁ ነው ኦቦ ጀማል" አልኩ። "አዲስ ዕቃ መጀመሪያ ቻርጅ መጥገብ አለበት። ጆሮዋም እስኪለምደው ነው።" ሸጥኩላቸው። አመስግነውኝ ሄዱ። ያን ቀን ከሰዓት "አንዱ በሰባ ስምንት ሄደ" የሚል ወሬ በርጫ ላይ አስወራሁ፤ ሁለተኛውን ከመምሸቱ በፊት አንድ የተመዘገበ ልጅ ወሰደው። እንዳሰብኩት ሆነ ማለት ነው።

ከዚያ አንድ ወር ያህል አላየኋቸውም። ረመዳን ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው ኦቦ ጀማል ብቻቸውን መጡ። ከስተዋል። ሄድፎኑን በፌስታል ጠቅልለው ይዘውታል፤ ብሬን መልስ ሊሉኝ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ፣ የምለውንም አዘጋጀሁ። እሳቸው ግን ፌስታሉን ወደ ጎን አድርገው ተቀመጡ።

ዘይቱና አንድ ጠዋት ምድጃ አጠገብ ወድቃ ተነሽ ቢሏት አልነሳ አለች። በሰው ሸክም፣ ከዚያ በባጃጅ ሆስፒታል አደረሷት። ቁስሉ ወደ ውስጥ ዘልቆ ነበር። ቀደው አተረፏት፤ ሐኪሞቹን አላህ ይስጣቸው አሉኝ። "ነፍሷን አትርፈናል፣ ጆሮዋ ግን ሁለቱም አልቋል ብለውኛል። ስድስት ሰባት ሳምንት ቀድማ ብትመጣ ኖሮ አሉኝ።" ይህን ሲሉ ወደ እኔ አላዩም፤ መሬቱን ነበር የሚያዩት።

አሁን ይናገሩኛል፣ አሁን ወረቀቱን ያወጡታል ብዬ ጠበቅኩ። ሌላ ሰው አስነብበውት ይሆን? በሸሚዛቸው ኪስ ወረቀቱ የለም። እንዲናገሩኝ እፈልግ ነበር ብል ራሴን ማሳመሬ ነው፤ እንዳይናገሩኝ ነበር የምፈልገው።

"ጥፋቱ የእኔ ነው" አሉ። "ብሩን ቶሎ ማሟላት አቃተኝ። ሃምሳ አምስት ሳለ ገዝቼላት ቢሆን ጆሮዋ አይሞትም ነበር። ላሟን ለመሸጥ ሳሳሁ። ስስቴ ነው ልጄን ያደነቆረው።" ከዚያ እጄን ያዙ። "አንተን ደግሞ ሳምንት ሙሉ በልቤ አማሁህ። የተበላሸ ዕቃ ሸጠብኝ፣ ሌባ ነው አልኩ። ለሚስቴም አልኳት። ጎረቤት ሞክሮት ደህና ነው አለኝ፣ ልጄ፣ ዕቃህ ደህና ነው። ረመዳን ሊገባ ነው፤ የሰው ሐቅ ይዤ አልጾምም። ሶፊ ድረስ ተመልሼ እንቅልፍ እንዲወስደኝ አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ።"

እዚህ ላይ ነው ምላሴ በየዓመቱ የሚታሰረው። ወረቀቱን ስላነበብኩ አይደለም፤ ለእሱ ስም አለው፣ ውሸት ይባላል፣ ስስት ይባላል። የንስሐ አባቴ ሰምተውት ያውቃሉ። ቀጥሎ ላደረግኩት ግን ስም አላገኘሁለትም። ሽማግሌው እጄን ይዘው፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ፣ ከእኔ አፍ አንድ ቃል ይጠብቁ ነበር። ማውጣት የነበረብኝ ቃል ሌላ ነበር፤ እሱ ቢወጣ ቢያንስ ስስቴ ነው ብለው ራሳቸውን ከመርገም ይድኑ ነበር። ቢመቱኝም ቢከሱኝም ያ ሸክም ከትከሻቸው ይወርድ ነበር።

ይማሩኝ አልልዎትም። ኦቦ ጀማል ዛሬም ሶፊ ውስጥ ልጄን በስስቴ አደነቆርኳት ብለው ይኖራሉ፤ ሄጄ አልነገርኳቸውም፤ ይህን ጽፌ ስጨርስም የምሄድ አይመስለኝም። ያን ቀን ያደረግኩትን ብቻ ይወቁልኝ። እጃቸውን ያዝ አደረግኩ። "አፉ ብያለሁ ኦቦ ጀማል" አልኳቸው። እሳቸውም እጄን ሳሙኝ።