«ላም አላት» ተብላ የተሰረዘችው ዲንቄ

አዴ ዲንቄ ሮቤ መናኸሪያ በር ላይ የገብስ ቆሎ የምትሸጥ የሃምሳ አምስት ዓመት ሴት ናት። ስኳር አለባት። ኢንሱሊኗን በየወሩ ከጎባ የምታመጣው በጤና መድን ደብተሯ ነው፤ መክፈል ከማይችሉት መዝገብ ላይ ስላለች መዋጮ አትጠየቅም። ዘንድሮ ደብተሯን ልታሳድስ ቀበሌ ስትሄድ ስሟ ተሰርዞ ጠበቃት። ምክንያቱ በሁለት ቃል ተጽፏል፦ «ላም አላት።»

ላም በደጇ አለች፤ የእሷ ግን አይደለችም። ዳሌቲ የምትባለው ግራጫ ላም የጎረቤቷ የኦቦ ጉተማ ናት። በደበሬ ነው የሰጣት፦ ዲንቄ ታበላለች፣ አዛባ ትጠርጋለች፣ ወተቱን ትወስዳለች፤ ላሟና ጥጃዋ የባለቤታቸው ናቸው። ባሌ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። ኮሚቴው ግን በየደጁ ዞሮ የታሰረውን ከብት ቆጠረ፤ የማን ነው ብሎ አልጠየቀም።

ከሦስቱ ቆጣሪዎች አንዱ ራሱ ጉተማ ነው። ዲንቄ ደጅ ሲደርስ ላሟን ዳበስ ዳበስ አደረገ፣ ማርገዟን አረጋገጠ፣ «አንድ» ብሎ ፈረመ።

ይህ ሰው አምስት ላሞች አሉት፤ አምስቱም በአምስት ድሃ ደጅ። በራሱ ግቢ ዶሮ እንኳ አታገኙም። ስለዚህ ነፃ ከሚታከሙት መዝገብ ላይ ስሙ ሰፍሯል፣ ያውም በራሱ የእጅ ጽሑፍ።

«ኦቦ ጉተማ፣ ላሟ ያንተ መሆኗን ለምን አልተናገርክም?» አለችው።

«አንቺ ደግሞ! ወተት እየጠጣሽ ድሃ ነኝ ትያለሽ?»

«ስኳር በወተት ይድናል ያለህ ሐኪም የትኛው ነው?»

በእጇ የቀራት መድኃኒት የአሥር ቀን ነው። ማመልከቻ አጻፈች። «ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ጋ ሂጂ» ተባለች፤ ሄደች። ቅሬታ ሰሚዎቹ እነዚያው ሦስት ሰዎች ናቸው። ለውጥ ከተባለ፣ ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ ተነጥፏል።

ሰብሳቢዋ ሰሚያ፣ ገና ወጣት፣ «አዴ፣ ላሟ የእርስዎ ካልሆነች ባለቤቷን ያምጡ» አለቻት። ጉተማ ጣሪያውን ያጠና ጀመር።

«እሺ፣ ባለቤት ጠፋላት» አለች ዲንቄ። «የኔ ናት ብላችሁ ጻፉልኝ። ማህተም ይኑረው።»

«ምን ያደርግልዎታል?»

«ገበያ አወጣታለሁ። የማን ከብት ነው ሲሉኝ ወረቀቱን አሳያለሁ። ለዓመት የሚበቃኝ ኢንሱሊን አይወጣትም?»

ሰሚያ ትንሽ አሰበችና ማህተሙን ከመሳቢያ አወጣች። ጉተማ ከወንበሩ ተፈናጥሮ ተነሳ።

«ኧረ በሕግ! እርጉዝ ላሜን ልታሸጪብኝ ነው?»

«ወላሂ፣ ባለቤቷ እዚሁ ነበሩ!» አለች ሰሚያ፣ መዝገቡን እየገለጠች። «ቃልዎን ልመዝግብ፣ ኦቦ። የቀሩት አራቱስ የት የት ናቸው?»

የዲንቄ ደብተር በአራተኛው ቀን ታደሰ። ጉተማ ከከፋዮቹ ጋር ተመዘገበ፤ ላሟንም በዚያው ቀን ጎትቶ ወሰደ። ዲንቄ አሁን ሻይዋን ያለ ወተት ነው የምትጠጣው።

ጉተማ በበኩሉ ይግባኝ ብሏል። ባለፈው ሳምንት ሽማግሌ ላከባት፦ ዳሌቲን እመልስልሻለሁ፣ ብቻ ሰኞ ኮሚቴው ፊት ቀርበሽ «የኔ ናት» በይልኝ።

«ሰኞ መድኃኒት ልቀበል ጎባ ነኝ» አለቻቸው። «አይመቸኝም።»