የ«ራን» ደብተሬ የመጨረሻ ገጽ

ትናንት ከሰዓት በኋላ፣ በትምህርት ቤታችን አዳራሽ፣ ጓድ ደምሴ ሰው ሁሉ እየሰማ ራሱን በራሱ ሲያወግዝ ሰማሁ። ማንም አላስገደደውም። ከወረቀት ላይ ነው ያነበበው...

ጓድ ደምሴ የእንግሊዝኛ ክፍል ኃላፊያችን ነው። እኔ ሁለተኛ ዓመቴን የያዝሁ የሰባተኛ ክፍል አስተማሪ ነኝ።

ነገሩ የተነሣው «ራን» ከምትባል አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ተማሪዎቼ «ሮጠ» ማለት ነው ብለው ይዘዋታል። ታዲያ ወንዙም ይሮጣል፣ ፋብሪካውም ይሮጣል፣ ባለሱቁም ሱቁን ያስሮጣል። ስስቅ ሰነበትሁና ደብተር ገዝቼ ተቀመጥሁ።

«ራን፦ ሮጠ። አንድም ፈሰሰ፤ ዓባይ ከጣና ወጥቶ እንደሚፈስ። አንድም ሠራ፤ የጨርቅ ፋብሪካው ማሽን ቀንና ሌሊት እንደሚሠራ። አንድም ተመላለሰ፤ አውቶቡስ ሐሙሲት ደርሶ እንደሚመለስ። አንድም ቀለም ለቀቀ፤ ርካሽ ጥለት ሲታጠብ...» እያልሁ አርባ ሦስት ደረስሁ። ከየትርጉሙ ጎን ባለቋንቋዎቹ በምትኩ የሚሉትን አሰፈርሁ፤ ለፈሰሰው «ፍሎው»፣ ለአስተዳደረው «ማኔጅ»።

«አንድም» እያሉ መተርጎምን ያየሁት ከአባቴ ነው። መሪጌታ ናቸው፤ ከሐይቁ ዳር ካለች ቤተ ክርስቲያን ያስተምራሉ፣ ብራናም ይጽፋሉ። ጽፎ የጨረሰ ሰው በመጨረሻው ገጽ ስሙንና አደራውን በቀይ ቀለም ያኖራል። እኔም እንደ ቤታችን ወግ፣ በቀይ እስክሪብቶ፣ በግእዝ ሁለት መስመር አኖርሁ።

ጓድ ደምሴ «እስቲ ልየው፣ ለክፍሉ ይጠቅም ይሆናል» ብሎ ደብተሩን ወሰደ። ከሁለት ሳምንት በኋላ በስቴንስል ተባዝቶ ወጣ። ሽፋኑ ላይ «አዘጋጅ፦ ጓድ ደምሴ» ይላል።

ቢሮው ሄድሁ።

«ጓድ፣ ይህ እኮ የእኔ ሥራ ነው።»

«በአብዮት ዘመን የእኔ የሚባል ነገር የለም።»

«ታዲያ የእርስዎ ስም እዚህ ምን ይሠራል?»

ቀና ብሎ አየኝ። «የደብተራ ልጅ... ዳዊት ስትደግሚ አድገሽ እንግሊዝኛ አወቅሁ ትያለሽ። አርፈሽ ካልተቀመጥሽ፣ አንበሳሜ አስተማሪ ቸግሯቸዋል አሉ።»

አንበሳሜን አልፈራሁም፤ ሰው ይኖርባታል። ያንገበገበኝ ሌላ ነው። ለክረምቱ የእንግሊዝኛ ሥልጠና ለትምህርት ቤታችን የደረሰን አንድ ቦታ ብቻ ነው። ቦታው ጥሩ መርጃ ላዘጋጀ ሰው ይሰጣል ተብሏል። በእኔ አርባ ሦስት ትርጉም አዲስ አበባ ሊሄድ የተዘጋጀው እሱ ነበር።

ትናንት ለሥልጠናው የሚሄደውን የሚመርጡት ኢንስፔክተር መጡና አስተማሪዎች ሁሉ አዳራሽ ተሰበሰብን። ሽበታም፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። የተባዛውን ወረቀት አንድ በአንድ ገለጡት።

«ጓድ ደምሴ፣ ይህን "አንድም" ከየት አገኙት?»

«ከሳይንሳዊ አመለካከት ነው፣ ጓድ ኢንስፔክተር።»

ከኋላ የተቀመጡ አስተማሪዎች ሳል ያዛቸው።

«መልካም። የመጨረሻውን ገጽ እስቲ ያንብቡልን።»

ተነሣ። ኮቱን ቆለፈ። በሰልፍ ላይ መፈክር በሚያሰማበት ድምፅ ጀመረ፤ «ዛቲ መጽሐፍ ዘጸሐፈታ ወለተ ሥላሴ። ዘሰረቃ ወዘፈሐቃ... በሥልጣነ... ጴጥሮስ...»

ጴጥሮስ ላይ ድምፁ ወረደ። «ወጳውሎስ» ሲል ከፊት ያሉትም አልሰሙት። «ውጉዘ ይኩን» የምትለዋን በከንፈሩ ብቻ ጨረሳት።

ለካ እዚያ ገጽ ደርሶ አያውቅም። ታይፒስቷን «ፊደል ሳታጎድዪ ገልብጪው» ብሏት ነበር። እሷም አላጎደለችም።

«ይተርጉሙልና» አሉ ኢንስፔክተሩ።

«ይህ... አድኃሪ ጽሑፍ ነው። ማን እንደጨመረው መጣራት አለበት።»

«አዘጋጁ እርስዎ ነዎት ይላል እኮ።»

ጓድ ደምሴ ወረቀቱን ገልብጦ ሽፋኑን አየ። ያን ጊዜ ኢንስፔክተሩ ወረቀቱን ሳያዩ፣ ልክ እንደ አባቴ ተማሪዎች በዜማ ሳብ አድርገው፣ «ይህችን መጽሐፍ የጻፈቻት ወለተ ሥላሴ ናት። የሰረቃትና የፋቃት በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን» አሉ። ከዚያ አዳራሹን ቃኙ። «ወለተ ሥላሴ ማን ናት?»

ተነሣሁ። የክርስትና ስሜ ነው።

«"ቀለም ለቀቀ" ካልሽው ጎን ባዶ ነው፤ ሌላ ምን ይሉታል፣ ልጄ?»

«"ብሊድ" ይሉታል። እሷም "ደማ" ማለት ናት፤ ብዙ ጣጣ ስላላት ለሌላ ደብተር አቆይቻታለሁ።»

ራሳቸውን ነቀነቁና የሥልጠናውን ቅጽ ከቦርሳቸው አውጥተው ስሜን ጠየቁኝ። የመዝገቡን ስም።

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ አልጽፍላችሁም ነበር።

ዛሬ ጠዋት ጓድ ደምሴ ደብተሬን በጋዜጣ ጠቅልሎ ክፍሌ በር ላይ ጠበቀኝ። ሃይማኖት የጭቁኖች ማደንዘዣ ነው እያለ በየሳምንቱ የሚያስተምረን ሰው ነው።

«ስሚ፣ እኅቴ...» አለ። ከትናንት ወዲያ የደብተራ ልጅ ነበርሁ። «እኔ እንኳ አላምንበትም። እናቴ ናት የፈራችው። አባትሽ... ይህን ነገር ይፈቱታል?»

«እናትዎ የሚኖሩት መሸንቲ አይደለም እንዴ? ከትናንት ወዲህ በምን ሰሙት?»

ጫማውን አየ።

«እሺ፣ ከሽፋኑ ላይ ስሜን ልፋቀው?»

«መፋቅም አብሮ ተወግዟል። እርስዎ ራስዎ አንብበውልን የለም እንዴ? አዲስ ሽፋን ያስተይቡ፤ በእኔ ስም። ከዚያ በኋላ አባቴን እጠይቅልዎታለሁ።»

ተማሪዎቼ በመስኮት ተደርድረው አዩት። ሜዳውን አቋርጦ እስከ ታይፕ ክፍሉ ድረስ ኮቱ እየተርገበገበ ሄደ... የ«ራን»ን የመጀመሪያ ትርጉም እኔ ከዚህ አስበልጬ ላሳያቸው አልችልም።