በማጅራት የሚቆለፍ ካፖርት

ኮሌታ የሚለውን ስም እናትና አባቱ አላወጡለትም። ያወጡለት የሰፈሩ ሰዎች ናቸው፤ እነሱም ቢሆኑ ቢመርራቸው ነው። ሰውየው ሰላም ሊላችሁ ሲቀርብ እጁ ወደ እጃችሁ አይመጣም፤ በቀጥታ ወደ አንገታችሁ ነው የሚሄደው። የታጠፈውን ያቃናል፣ የቆመውን ያጥፋል፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ያያል፣ እንዴት አደራችሁ የሚለው ከዚያ በኋላ ነው። ቀብር ላይ እንኳ የሟቹን ልጅ አቅፎ ከልቡ እያለቀሰ፣ በሁለት ጣቱ የልጁን ሻርፕ ሲያስተካክል ታይቷል። ታዲያ እሱን ኮሌታ ያላሉ ማንን ሊሉ ነው?

ሥራው ማልበስ ነው። በዋናው መንገድ ዳር ባለው የካፖርት መደብር እህቱ ትሰፋለች፣ የመደብሩ ባለቤት ይሸጣል፣ እሱ ያለብሳል። ከነፀጉሩ የለፋ የበግ ቆዳ ካፖርት፣ የቀበሮ ፀጉር የተገጠመለት ካፖርት፣ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርድ፣ ወገብ ላይ የሚቀር፣ ሁሉም በእሱ እጅ ያልፋል። ፀጉሩን በተኛበት አቅጣጫ ያበጥረዋል፤ ከዚያ ትከሻውን ጨብጦ አንዴ ያራግፈዋል። ፀጉሩ ከእንቅልፉ እንደተቀሰቀሰ ድመት ብድግ ይላል። ቀበቶው የት ይታሰር፣ የትኛው ቁልፍ ክፍት ይቅር፣ ከየትኛው ቦት ጫማ ጋር ይሂድ፣ በዚህ ጉዳይ ከኮሌታ ጋር ሽንጡን ገትሮ የተከራከረ ሁሉ መጨረሻው መስተዋት ፊት ቆሞ ማፈር ነው።

አንድ ልማድ ግን አለው። አዲስ የበግ ቆዳ ደረቅ ነው፤ የሰው ገላ እስኪለምድ ድረስ ትከሻ ላይ በወጉ አይወድቅም። ስለዚህ ኮሌታ እያንዳንዱን አዲስ ካፖርት ቀድሞ ራሱ ይለብሰዋል። ጠዋት ለብሶት ይጠርጋል፣ ለብሶት ዕቃ ያነሳል፣ ለብሶት ስልክ ያነሳል። የወንድ ነው የሴት ነው አይልም። እህቱ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ፣ "ዛሬ ደግሞ የማን ሚስት ሆነህ ነው የምትውለው?" ትለዋለች። እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ሥራውን ይቀጥላል።

ሚስት የለውም። ነበረችው ለማለት የሚያበቃ ታሪክም የለውም። ሴት ሲያለብስ አንደበቱ እንደ ልብ ነው፤ "ትከሻዎን ላላ ያድርጉ፣ አገጭዎን ከፍ፣ እንደሱ!" ይላል። ማልበሱ አልቆ ከሴትየዋ ጋር ወሬ ብቻ ሲቀር ግን ምላሱ ይተሳሰራል። እህቱ በዚህ ነገር ተስፋ ከቆረጠች ቆይታለች። ቆርጣ ነበር ማለት ይሻላል፤ አንዲት የአውቶብስ ሾፌር እስክትመጣ።

ነገሩ የጀመረው ልብስ በሚታይበት መስኮት፣ በቪትሪኑ መስታወት ነው። ከመንገዱ ማዶ፣ ከመደብሩ ትንሽ ወደ ጎን የአውቶብስ ፌርማታ አለ። ኮሌታ አንድ ጠዋት ቪትሪኑ ውስጥ ገብቶ ለልብስ ማሳያዋ አሻንጉሊት ጓንት ያጠልቃል። የለበሰው ወገቡ የጠበበ፣ ነጭ፣ የሴት ካፖርት ነበር፤ ቀበቶውንም ለማየት ያህል በቋጠሮ አስሮታል። የመኪና ጥሩምባ ሲሰማ ዞር አለ። አውቶብሱ ፌርማታው ላይ ቆሟል፣ ሾፌሯ መሪው ላይ ተደግፋ እንባዋ እስኪፈስ ትስቃለች። ሌላ ሰው ቢሆን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ይመኝ ነበር። ኮሌታ ግን ያን ሳቅ አይቶ ልቡ ቀጥ አለች። ምን እንደነካው ሳያውቅ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ አንዴ ዞረላት። ሾፌሯ ሁለት ጣቷን ከመሪው ላይ አንስታ ሰላምታ ሰጠችው፣ ማርሽ አስገብታ ሄደች።

ከዚያ ቀን በኋላ ቪትሪኑ ለእግረኛ መሆኑ ቀረ። አሻንጉሊቶቹ አንድ በአንድ ፊታቸውን ወደ ፌርማታው አዞሩ። ከወዲያኛው ጎን በእግሩ የሚመጣ ሰው የሚያየው ጀርባ ብቻ ሆነ። ባለቤቱ አንድ ቀን ውጭ ወጥቶ እጁን ኪሱ ከትቶ ሲመለከት ቆየና ገባ።

"እነዚህ ሁሉ ምን እየጠበቁ ነው፣ አውቶብስ?" አለ።

"አዎ ጌታዬ፣" አለች እህትየዋ መርፌዋን ሳታቆም።

ክረምት አልፎ ክረምት መጣ። ሁለት ጣት ይነሳል፣ ኮሌታ አንገቱን ደፋ ያደርጋል፣ አውቶብሱ ይሄዳል። በቃ ይኸው ነው ፍቅሩ። እንዲህ ያለ ፍቅር ልብ ያሞቃል እንጂ የትም አያደርስም ብትሉ እህቱ ትስማማለች።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሾፌሯ በእግሯ መጣች። ሰፊ ትከሻ፣ ሰማያዊ የደንብ ልብስ፣ በብርድ የቀላ አፍንጫ።

"ሾፌር ነኝ፣" አለች በሩ ላይ ቆማ።

ኮሌታ "አውቃለሁ" ሊል አስቦ፣ "በሩን፣ ብርድ እያስገቡ ነው" አለ።

ሴትየዋ ሳቀች፤ ያው ሳቅ ነው። "ብርድማ እኔ ነኝ የማውቀው! በየፌርማታው በሩ በተከፈተ ቁጥር ነፋሱ አንገቴን ነው የሚይዘኝ። ካፖርት ይስሩልኝ፤ አንገቱ ይሙቅ። ጉሮሮዬን ግን የሚያንቅ ነገር እንዳያደርጉብኝ፣ ቀኝ ግራ ማየት አለብኝ። ደግሞ ቶሎ ይበሉልኝ፤ ከወሩ መጨረሻ በኋላ በዚህ መንገድ አላልፍም። መስመሬን ቀይረው ወደ ወደቡ መድበውኛል።"

የስፌት መኪናው ድምፅ ቀጥ አለ። እህትየዋ ወንድሟን አየችው። ኮሌታ የሴትየዋን ኮሌታ አቃና።

ሾፌሯ ስትወጣ እህቱ ጣቷን ቀሰረችበት። "ስማ፣ በዚህ ወር ካልተናገርክ አሻንጉሊቶቹን ወደ ቦታቸው መልስ። እኔም ካሁን በኋላ ስለዚህች ሴት አንዲት ቃል እንዳልሰማ።"

ካፖርቱን ሲያስብበት እንቅልፍ አጣ። ቁልፍ ፊት ለፊት ከተደረገ ጉሮሮ ይነካል፤ ካልተደረገ ነፋስ ይገባል። በመጨረሻ የኮሌታውን አንዱን ጫፍ አስረዘመው፤ አንገቷን ለስለስ ብሎ ዞሮ ማጅራቷ ላይ፣ ከፀጉሩ ስር በተደበቀች ትንሽ መንጠቆ እንዲያዝ አደረገው። የላይኛዎቹ ቁልፎች በዚያ ኮሌታ ስር ተሸሸጉ። ከፊት ሲታይ ስፌት የለው፣ ቁልፍ የለው፣ ከአገጭ ስር የተኛ ቡናማ የበግ ፀጉር ብቻ። እህቱ ሰፋችው። እሱም እንደ ልማዱ ለበሰው፤ መንጠቆዋን እህቱ ቆለፈችለት፣ ሲበቃውም እህቱ ፈታችለት። የዚህ ጉድ ምልክት እዚያው ነበር፤ ሁለቱም አላዩትም።

ለብሶት ሲውል በቪትሪኑ ያለችውን አሻንጉሊት ልምምድ ማድረጊያ አደረጋት። "ከሥራ በኋላ አብረን ሻይ ብንጠጣስ?" ይላታል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይደግመዋል፣ ከፍ አድርጎ ይደግመዋል።

"እሷማ እሺ ብላለች፣" አለችው እህቱ። "አሁን ሰው ለሆነችው ንገር።"

ሾፌሯ መደብሩ ሊዘጋ ሲል መጣች። ካፖርቱን አጠለቀችና መስተዋቱ ፊት ቆመች። ቀኝ ዞረች፣ ግራ ዞረች። ከዚያ ሁለት እጇን እንደ መሪ ዘርግታ አዞረች። "ወይ ጉድ! እኔ ነኝ ይቺ?" አለች። ኮሌታ ከኋላዋ ቆሞ ፀጉሯን በእጁ ጀርባ ገለል አደረገና መንጠቆዋን አስገባ። ቅጭ አለች። ማጅራቷ ላይ አንዲት ትንሽ ጠባሳ አለች፤ ከዚህ ሁሉ ጊዜ በኋላ ስለዚህች ሴት በቅርብ ያወቀው የመጀመሪያ ነገር ያቺ ጠባሳ ሆነች።

"ከሥራ በኋላ…" አለ።

"ከሥራ በኋላ ምን?"

ኮሌታ አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ከፈተ።

"ከሥራ በኋላ በሰፊ መስቀያ ይስቀሉት። ቀጭን መስቀያ ትከሻውን ያበላሸዋል።"

"እሰቅለዋለሁ፣" ብላ ለብሳው ወጣች። እህትየዋ ግንባሯን የስፌት መኪናው ላይ ደፋች።

በማግስቱ ጠዋት አውቶብሱ ፌርማታው ላይ ቆመና መብራቱን ብልጭ ድርግም ማድረግ ጀመረ። ሾፌሯ ዘላ ወርዳ መንገዱን እያቋረጠች መጣች። ካፖርቱን ለብሳለች። ፊቷ በርበሬ መስሏል፣ ላቧ በጆሮ ግንዷ ይወርዳል። ተሳፋሪው ሁሉ በመስኮት በኩል አፍንጫውን መስታወት ላይ ለጥፎ ያያል።

"ፍታኝ!" አለች ገና ከበሩ።

"ምን…"

"ፍታኝ አልኩህ፣ አንተ ሰውዬ!"

ኮሌታ መንጠቆዋን ፈታ። ሾፌሯ ከካፖርቱ ስትወጣ እንፋሎት አብሯት ወጣ።

"ለብሼው አደርኩ! እንዲህ በወፍራም እጅጌ ማን ነው ክንዱ ማጅራቱ ጋ የሚደርሰው? አንድ እጄን ላወጣ ብዬ ክርኔ አገጬ ስር ተቀርቅሮ ቀረ፤ እንዴት እንደመለስኩት አላውቅም። የጎረቤት በር አንኳኩቼ 'አውልቁኝ' ልበል? በሰፊ መስቀያ ስቀይው አልከኝ፤ መስቀያው እኔ ሆኜ አደርኩ!" ትንፋሽ ወሰደች። "መቀስ አንስቼ ነበር። ግን አሳዘነኝ።"

ኮሌታ ካፖርቱን አቅፎ ቆመ። ዕድሜውን ሙሉ ሰው አልብሷል። ማውለቅ ግን ሥራው ሆኖ አያውቅም። የለበሰው ሰው ከበሩ ሲወጣ የእሱ ሥራ ያልቃል፤ ያ ሰው ማታ ቤቱ ገብቶ ብቻውን መሆኑን አንድም ቀን አስቦት አያውቅም። ብቸኝነትን ከእሱ በላይ የሚያውቅ ማን ነበርና!

"ሚስትህ ናት የምታወልቅህ?" አለች ሾፌሯ።

"ሚስት የለኝም።"

"እኔም ባሌ ከሞተ ቆይቷል። ታዲያ ይሄን ሁለት ሰው የሚፈልግ ልብስ ምን ብለህ ሠራኸው?"

ከአውቶብሱ ኋላ የቆሙት መኪናዎች ጥሩምባቸውን አቀለጡት። መልስ ሳትጠብቅ በደንብ ልብሷ ሮጣ ሄደች።

ኮሌታ ያን ቀን መቀሱን አነሳ። የመንጠቆዋን ስፌት ተረተረ፤ አዙሮ ከግራ ጆሮ ስር፣ ጉሮሮ የማይነካ፣ እጅ ግን በቀላሉ የሚደርስበት ቦታ ላይ አኖራት። እህቱ ስታይ ጮኸች።

"አንተ ጅል! በየቀኑ መምጫ ምክንያቷን እኮ ነው የተረተርከው!"

"ሴትየዋ በእኔ የተነሳ ስትቀቀል አደረች፣" አለ ኮሌታ። "እወዳታለሁ እላለሁ፤ ማታ ማን እንደሚፈታላት እንኳ አላሰብኩም። ሰው ልብሱን ብቻውን መልበስና ማውለቅ መቻል አለበት። የሚመጣ ሰው ተቆልፎበት ሳይሆን ወዶ ይምጣ።"

በማግስቱ ሾፌሯ ስትመጣ ካፖርቱን የሰጠቻት እህቱ ናት፤ ወንድሟ ዕቃ ቤት ገብቶ ረጃጅሞቹ ካፖርቶች መሀል ተሸሽጎ ነበር። በኋላ ስትጠይቀው ብል እያየሁ ነው አለ።

ከዚያ በኋላ አውቶብሱ ይመጣል፣ ይሄዳል። ሾፌሯ ካፖርቱን ለብሳለች፣ ኮሌታው ከጆሮዋ ስር በወጉ ተይዟል፣ ነፋስ አይገባም። ሁለት ጣቷ ይነሳል። ኮሌታ ሥራው ማማሩን ያያል፣ ልቡ ደግሞ ይጠወልጋል። የወሩ መጨረሻ ሲቃረብ አሻንጉሊቶቹን አንድ በአንድ ወደ እግረኛው አዞራቸው። ባለቤቱ ደስ አለው። "አውቶብሱ መጣ እንዴ?" ብሎ ሊቀልድ ሞከረ፤ ማንም አልሳቀም።

በመጨረሻው ቀን ጠዋት፣ ኮሌታ የመደብሩን በር ገና ሲከፍት ሾፌሯ ደጃፉ ላይ ቆማ አገኛት። ካፖርቱን ለብሳለች፤ የኮሌታው ረጅም ጫፍ ግን ሳይቆለፍ ትከሻዋ ላይ ተንጠልጥሏል። ምንም ሳትል ገባች፣ ጀርባዋን ሰጠችው፣ ፀጉሯን በእጇ ሰብስባ ወደ ላይ አነሳች።

መንጠቆዋ ማጅራቷ ላይ ነበረች።

የእሱ ሥራ አይደለም። የእህቱም አይደለም። በሰማያዊ ክር፣ በዚያው የደንብ ልብስ ቁልፍ በሚሰፋበት ወፍራም ክር፣ አንዱ ስፌት ረጅም አንዱ አጭር፣ ቋጠሮው ደግሞ ምስር የሚያክል። ኮሌታ በሕይወቱ እንዲህ የተንሻፈፈ ስፌት አላየም። ጣቶቹ ሊያቃኑት ተነሱ፣ እንደ ልማዳቸው።

"ስፌት አልችልም፣" አለች ሾፌሯ ፊቷን ሳታዞር። ያ ሁሉ ጩኸቷ የት እንደገባ እንጃ፤ ድምጿ ቀጭን ነበር። "ቆልፈው። ግን አስበህበት ቆልፍ፤ ማታ ፈቺ የለኝም።"

ከኋላ እህቱ የስፌት መኪናው ላይ እጇን ጭና እንደ አሻንጉሊት ደርቃለች። ኮሌታ ኮሌታውን አዞረ። ሰማያዊውን ክር አልነካውም። መንጠቆዋ ቅጭ አለች።

"ከሥራ…" አለ። "ከሥራ ስንት ሰዓት ነው የምትወጪው?"