የእኔ ራጅ በእሷ ስም

እህቴና እኔ ከአንድ ጽንስ የተከፈልን መንትዮች ነን። እኔ በቀኝ እጄ እጽፋለሁ፣ እሷ ሽንኩርት የምትከትፈው በግራዋ ነው። የእኔ ልብ በግራ በኩል ነው፤ የእሷ በቀኝ። ጉበቷም ጨጓራዋም፣ ሁሉም በመስታወት እንደሚታይ ተገልብጦ ነው የተቀመጠው። ይህን የነገረን ጅግጅጋ ሳለን ለሳል የመረመራት ሐኪም ነው። “በሽታ አይደለም” ብሎን ነበር። ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ነውና፣ በሃያ ሦስት ዓመቴ የሰውነት ክፍሎችን ሥዕል የሰባተኛ ክፍል መጽሐፍ ላይ ሳገኝ ይዤላት ሮጥኩ። ቀና ብላም አላየችው። “ሰው እንዳይሰማ” አለች፣ በቃ።

ሀርጌሳ ከመጣን በኋላ 26 ጁን በሚባል ሰፈር የቤት ሠራተኝነት ሥራ ተገኘላት። የቤቱ እመቤት ግን የደረት ራጅ ያለበት የጤና ወረቀት አምጪ አሏት። ጅግጅጋ ያር በሚባለው የሀርጌሳ ሰፈር በተከራየናት ክፍል ቁጭ ብላ አለቀሰች።

“ልቤን በቀኝ ሲያዩ ማን ይቀጥረኛል? አንቺ ሂጂልኝ። ፊታችን እንደሆነ አንድ ነው።”

እመቤቷ ወደነገሯት ክሊኒክ ሄድኩላት። ያለቦታዋ የገባች ነጠላ ሰረዝ የምታናድደኝ ሴት፣ በእህቴ ስም ተጠርቼ ራጅ ማንሻው ፊት ትንፋሼን ይዤ ቆምኩ።

በዓመቱ፣ አንድ ጠዋት እመቤቷ ደወሉልኝ። እህቴ ሆዷን ይዛ ተጣጥፋለች። ወደዚያው ክሊኒክ ወሰድናት። ሐኪሙ ኢትዮጵያ የተማረ፣ አማርኛው ጥርት ያለ ጎልማሳ ነው።

“የት ጋ ነው የሚያምሽ?”

በግራ በኩል ከእምብርቷ ዝቅ ብላ አሳየችው።

“ትርፍ አንጀት ቢሆን በቀኝ ነበር። መድኃኒት እጽፍልሻለሁ።”

“ዶክተር፣ የእሷ በግራ ነው” አልኩ። “ልቧም በቀኝ ነው።”

ፋይሏን ከፍቶ ፊልሙን ወደ መስኮቱ አነሳ። “ይኸው፣ እህቴ። ልቧ በግራ ነው። ከየት አነበብሽው ደግሞ?”

“ማዳመጫውን በቀኝ በኩል ያድርጉት። ደቂቃ አይፈጅም።”

“ራጁ እያለ?”

እህቴ ቀሚሴን ጎተተች። “ተይ” አለች ጥርሷን ነክሳ። እመቤቷ በሩ ላይ ቆመዋል፤ ድሬዳዋ ያደጉ ናቸውና አማርኛ ይሰማሉ። ከተናገርኩ ሥራዋ ይቀራል፣ ዝም ካልኩ አንጀቷ ሊፈነዳ ነው። ሐኪሙ መጻፍ ጀምሯል።

“ፊልሙ የእኔ ነው” አልኩ።

እኔን አየ፣ እሷን አየ። ማዳመጫውን በቀኝ ደረቷ ላይ አድርጎ ቆየ። ከዚያ አልትራሳውንድ አዘዘ። ቀትር ሳይሆን ኦፕራሲዮን ክፍል ገባች።

እመቤቷ ኮሪደሩ ላይ አጠገቤ ተቀመጡ።

“ወላሂ፣ ልቧ ጀርባዋ ላይ ቢሆንስ ምን አገባኝ? ራጁን የጠየቅኩት ለሳንባዋ ነው። ትንንሽ ልጆች አሉኝ። እናንተ የሌላ ሰው ሳንባ አሳያችሁኝ።”

ያን ሁሉ ሳነብ፣ ራጁ ለምን እንደተፈለገ መጠየቅ እንዴት አቃተኝ? ሁለታችንም ልቧን ስንፈራ ሳንባ መኖሩንም ረስተናል።

ትርፍ አንጀቷ ሳይፈነዳ ወጣ። ስትነቃ መጀመሪያ ያለችኝ “ሰሙ?” ነው።

“ሰሙ። ሌላ ሠራተኛ እንደሚፈልጉ ነግረውኛል።”

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። “ትንሽ ብትታገሺ እኮ ሐኪሙ ራሱ ይደርስበት ነበር።”

“መቼ? ከቀበርንሽ በኋላ?”

ነርሷ ድምፃችሁን ቀንሱ አለችን።

ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነን። ቁስሏን በየጠዋቱ እጠርግላታለሁ። እሷ ጣሪያ ጣሪያውን እያየች፣ ከ“ቀስ” በቀር አንዲት ቃል አትወጣትም።